ሄሊኮፕተር ላይ ነጭ ነጠላ አይለበስም

ሰመር ሲገባ ከአገር ቤት ዘመድ ይመጣል። ላስ ቬጋስና ፊኒክስ ላላችሁት ጥያቄው ያው ነው፤ የት እንውሰዳቸው? እኛ አክስቴን ፔጅ ወደምትባለው የአሪዞና ከተማ ወሰድናትና የናቫሆዎችን፣ የአሜሪካን ነባር ሕዝብ፣ ምድር በሄሊኮፕተር አሳየናት። ከሁለቱም ከተሞች አራት ሰዓት ተኩል ያህል መንዳት ነው። ብሩ ቀላል ስላልሆነ ሳትከፍሉ በፊት ይቺን አንብቡ።

መጀመሪያ የምትገዙትን እወቁ። ቬጋስ ውስጥ «ግራንድ ካንየን በሄሊኮፕተር» ተብሎ የሚሸጠውና ሸለቆው ውስጥ የሚያርፈው በረራ የዋላፓይ ጎሳ መሬት ላይ ነው የሚወርደው። የናቫሆ ምድር ሌላ ነው፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ አሪዞናን፣ ዩታንና ኒው ሜክሲኮን ይዞ 70 ሺሕ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከፔጅ ስትነሱ ከበታቻችሁ የፓወል ሐይቅ፣ ግድቡ፣ የኮሎራዶ ወንዝ እንደ ፈረስ ኮቴ የሚታጠፍበት ሆርስሹ ቤንድ ይታያሉ። አንቴሎፕ ካንየን የሚባለውን ጠባብ የድንጋይ ሸለቆ ግን ከላይ አትጠብቁ። ያ ብርሃን እንደ ዘንግ የሚወርድበት ቦታ ከአየር ሲታይ የተሰነጠቀ መሬት ነው፣ በቃ። እዚያ በእግር፣ ያውም ከናቫሆ አስጎብኚ ጋር ብቻ ነው የሚገባው። በኦገስት 1997 ሩቅ የዘነበ ዝናብ ጎርፍ ሆኖ መጥቶ 11 ጎብኚዎችን ገድሏል። ስለዚህ በዝናብ ምክንያት ቢሰርዙባችሁ አትነጫነጩ።

ከበረራዎቹ ሁሉ ምርጡ ታወር ቢዩት ላይ የሚያርፈው ነው። አምባ ነው እንግዲህ፤ ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ፣ ከፍታው ከአካባቢው 1,000 ጫማ ያህል። አክስቴ ወርዳ ግራ ቀኙን አየችና «ደብረ ዳሞ ወንዱ በገመድ ይወጣል፤ እኔን በሄሊኮፕተር አወጣችሁኝ» አለች። ቀዩን ቋጥኝ ስታይ ደግሞ ገራልታ ትዝ አላት። አልተሳሳተችም፤ እዚያም እዚህም የአሸዋ ድንጋይ ነው። ድንጋዩን ግን ለማስታወሻ ብላችሁ አታንሱ። መሬቱ የሰው ነው። ድሮን በናቫሆ ፓርኮች ክልክል ነው፤ ቢራም መኪናችሁ ውስጥ አይኑር፣ በምድራቸው አልኮል አይፈቀድም።

ጠዋት ያዙ። ፔጅ ራሷ ከ4,000 ጫማ በላይ ናት። የሞቀ አየር ሲሳሳ ሄሊኮፕተሩ አቅም ያጣል፣ ከሰዓት በኋላ መንገጫገጩም ይብሳል። በዚሁ ምክንያት ሰው ሁሉ ሚዛን ላይ ይወጣል። ስትመዘገቡ ክብደታችሁን ቀንሳችሁ አትናገሩ፣ እዚያ መጋለጣችሁ አይቀርም። አክስቴ ሚዛኑን ስታይ «በግ ነኝ እንዴ?» ብላ ቆመች። ቦርሳሽን አስቀምጪ ስትባል ደግሞ ከውስጡ ግማሽ ኪሎ ቆሎ ወጣ። ማን የት እንደሚቀመጥም የሚወሰነው በክብደት ነው፤ የፊት ወንበር ላይ አትጣሉ።

አንድ ነገር ሳታፍሩ ጠይቁ፤ ሲወድቅ በቀላሉ የማይቀደድ የነዳጅ ታንክ አለው ወይ? በፌብሯሪ 2018 ግራንድ ካንየን ውስጥ ሄሊኮፕተር ወድቆ፣ እሳት ተነስቶ፣ አምስት ሰው ሞቷል። መልሱን የሚያድበሰብስባችሁ ካለ ሌላ ፈልጉ።

ሰዓት ላይ እኔ ተሸውጃለሁ። በሰመር አሪዞና ሰዓቷን አትቀይርም፣ ናቫሆዎች ግን ይቀይራሉ። ፔጅ የምትሄደው በአሪዞና ሰዓት ነው። ከበረራው በኋላ በናቫሆ ሰዓት በሚሄደው ሞንዩመንት ቫሊ የጂፕ ጉብኝት ይዘን ነበር። ሁለት ሰዓት ነድተን በጊዜ ደረስን ብለን ስንወርድ ጂፑ ከሄደ አንድ ሰዓት ሊሞላው ነው። የአክስቴ የእጅ ሰዓት ደግሞ የአዲስ አበባን ነበር የሚያሳየው። በሦስት ዓይነት ሰዓት ስንጨቃጨቅ ገንዘቡም አልተመለሰ። ስትመዘገቡ «በየትኛው ሰዓት?» በሉ።

ልብስ ጥቁር ይሁን። ነጭ ነገር መስታወቱ ላይ ያንጸባርቃል። የሚንጠለጠል ነገርም ከሞተሩ አጠገብ አያስኬዱም፤ አክስቴ ነጠላዋን ተጠቅልላ፣ ጠበቅ አድርጋ አስራ ገባች። አላወለቀችም። ከፎቶዎቹ ግማሹ ላይ የፓወል ሐይቅ መሃል ጥለት ተንሳፏል። ላጠፋቸው ስል ስልኩን ቀማችኝ። አንዱን ትልቅ አሳጥባ አሁን አዲስ አበባ ሳሎኗ ውስጥ ሰቅላዋለች፤ ለእንግዳ ስታሳይም በጣቷ የምትነካው ሐይቁን ሳይሆን ጥለቱን ነው አሉ።