ጥር ላይ ለተጋባችሁ ልጆች፦ ከይሉኝታው ቀንሱ፣ አብሮ መውጣቱን አትንኩ

ባሕር ዳር ላይ አንድ ወይም ሁለት ክፍል ተከራይታችሁ ትዳር ለጀመራችሁ ልጆች ነው የምጽፈው። የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። የደሞዝ ሊስት ስሠራ፣ የብድር ጥያቄ ስቀበል፣ ተቀናሽ ስጽፍ ኖሬያለሁ። የሰርግ ወራት ባለፉ ቁጥር የሙሽሮች ደሞዝ ምን እንደሚገጥመው በደንብ አውቃለሁ።

አንድም ልጅ ከሚስቱ ጋር ሐይቁ ዳር ሻይ ስለጠጣ ብድር ሊጠይቀኝ አልመጣም። አንዲትም ልጅ ከባሏ ጋር ዘጌ ደርሳ ስለተመለሰች ደሞዟ አላለቀባትም። የሚመጡት የሰርጉን ዕዳ ሊከፍሉ ነው። ለድንኳኑ፣ ለቪዲዮው፣ ለሚዜዎቹ ልብስ፣ ለመልሱ ድግስ፣ ከዚያ ደግሞ ለሶፋው፣ ለቡፌው፣ “እንግዳ ሲመጣ ምን ይለናል” ተብሎ ለተገዛው ትልቅ ቴሌቪዥን። ብሩ ሲያጥራቸው መጀመሪያ የሚቆርጡት ግን አብረው የሚወጡባትን ትንሽ ወጪ ነበር። “ዕዳው ይለቅና እንዝናናለን” ይላሉ። ዕዳው ሲያልቅ ልጅ ይወለዳል። ልጁ ከፍ ሲል የትምህርት ቤት ክፍያ ይመጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ ጣና ደጃቸው ላይ ተኝቶ፣ እነሱ አንድ ቀን እንኳ አብረው ዳሩ ላይ ሳይቀመጡ ዓመታት ያልፋሉ። ይህ ያሳዝነኛል። ዛሬም ያሳዝነኛል።

እንግዲህ የምላችሁ ይህን ነው፤ ብር ሲያጥር ቀድማችሁ ለሰው ዓይን ከምታወጡት ቀንሱ።

እንዴት? ደሞዝ በወጣ ማታ ሁለታችሁም ቁጭ በሉና ወረቀት አውጡ። መጀመሪያ የምትጽፉት እጃችሁ የገባውን ብር ይሁን። ግብሩ አለ፣ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ አለ፣ ብድር ካለም እሱ አለ፤ ይህ ሁሉ የሚቆረጠው ገና ብሩን ሳታዩት ነው። በቅጥር ደብዳቤው ላይ ያለውን ቁጥር ይዞ የሚያቅድ ሰው ወሩ አጋማሽ ላይ ይደነግጣል። ከዚያ ኪራዩን፣ አስቤዛውን፣ ባጃጁን፣ መብራትና ውኃውን፣ ለቤተሰብ የሚላከውን ጻፉ። ከእነሱ እኩል “ለሁለታችን” የሚል አንድ መስመር ጨምሩ። ትንሽ ትሁን፣ ግድ የለም። ሁለት ሻይና አንድ የባጃጅ ጉዞ የምትችል ብትሆንም ትጻፍ። ያልተጻፈ ነገር ሁልጊዜ ለሌላ ይውላል፣ ይህን ከሥራዬ የተማርኩት ነው።

ደግሞ ደሞዝ አትደባበቁ። በቤተሰብ ሕጉም ቢሆን በትዳር ውስጥ ሠርታችሁ የምታገኙት ገቢ የጋራ ሀብታችሁ ነው። ባል የሚስቱን ደሞዝ ከሰው አፍ ሲሰማ፣ ሚስት የባሏን ብድር ከዋስ ስትሰማ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ የሚጠፋው ብር ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ይሉኝታው ልምጣ፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ስለሆነ።

አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ጎበዝ ልጅ ትዝ ይለኛል። ከሰርጉ በኋላ በየወሩ የሚከፈል ሶፋ ገዛ። ሶፋው የተከራዩት ክፍል ውስጥ አልገባም። ስለዚህ ሰፋ ያለ ቤት ተከራዩ። ሰፊው ቤት ከሥራ ስለራቀ ጠዋትና ማታ ባጃጅ መጣ። አንድ ዕቃ ሦስት ወጪ ወለደ ማለት ነው። ሚስቱ በኋላ የነገረችኝን አልረሳውም። ሶፋው ላይ የሚቀመጠው እንግዳ ብቻ ነበር፣ እነሱ ማታ ማታ የሚበሉት ወጥ ቤቷ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነው። ልጆቼ፣ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ጥሩ ፍራሽ፣ ጥሩ ምጣድ፣ አጎበር ይበቃችኋል። የባሕር ዳር ትንኝ ቀልድ አያውቅም፣ ከክረምት በኋላ ወባው አለ፣ ስለዚህ ከሶፋው በፊት አጎበሩ።

የቢሮ መዋጮም አለ። ለሰርግ፣ ለክርስትና፣ ለሽኝት፣ ለቤት ምርቃት። ወረቀቱ ሲዞር ከላይ የተጻፈውን ቁጥር አይታችሁ የእሱን ያህል መጻፍ የለባችሁም። እኔ ያንን ወረቀት ብዙ ጊዜ ሰብስቤያለሁ፣ ትንሽ የጻፈን ሰው ማንም በክፉ አያነሳውም። ሐዘን ሲሆን ግን ሌላ ነው፣ እዚያ አትቅሩ። እድር ደግሞ ተከራይ ነን ብላችሁ አትተዉት፣ ሰፈር በገባችሁ በመጀመሪያው ወር ተመዝገቡ። እቁብ ጥሩ ነው፣ ግን ወሩን ሳያስጨንቃችሁ የምትጥሉትን ያህል ብቻ ግቡ። ዕጣ የደረሰው ሰው ቀጣዩን ወር ተበድሮ የሚጥል ከሆነ ቁጠባ መሆኑ ቀርቷል።

ለወላጅ የሚላከው ላይ አልደራደርም፣ መላክ አለበት። ነገር ግን ሁለታችሁ ተነጋግራችሁ ልኩን ቁረጡ፣ ለሁለቱም ወገን። ታናሽ ወንድም ወይም እህት ለትምህርት ከገጠር ይመጣና አብሯችሁ ይኖር ይሆናል። ይህ የእኛ ወግ ነው፣ ደስ ብሏችሁ ተቀበሉት፣ ከመምጣቱ በፊት ግን ተነጋገሩበት። ከመጣ በኋላ የሚነሳ ወሬ ሁሉንም ያስቀይማል።

ቤት ስትመርጡ ከግድግዳው ቀለም ይልቅ ከሥራችሁ ያለውን ርቀት እዩ። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ በእግርም በሳይክልም ትመቻለች። ሁለት ያገለገሉ ሳይክሎች መግዛት ከቻላችሁ የባጃጁ ወጪ በብዙ ይቀንስላችኋል። ዓባይ ማዶ ኪራይ የተሻለ ሆኖ ካገኛችሁት አትፍሩ። ግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፣ ለእግረኛም ለብስክሌትም የራሱ መንገድ አለው። ማታ ከሥራ ስትመለሱ እዚያ ላይ ቆም ብላችሁ ውኃውን እዩ፣ በነፃ ነው።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም፣ እናቶቻችሁ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። አስቤዛውን ግን ከሰፈር ሱቅ በትንሽ በትንሹ ከመግዛት ቅዳሜ ገበያ አብራችሁ ሂዱ። ጤፉን አዲሱ ሲገባ ግዙ፣ ካልቻላችሁ ከጎረቤት ጋር ተካፈሉ። የፎገራን ሩዝ ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ መጋገር እዚህ የተለመደ ነው፣ እንጀራው ነጭ ይሆናል፣ ወጪውም ይቀላል። በበጋ ከቆጋ መስኖ ሽንኩርትና ድንች በብዛት ሲገባ ዋጋው ስለሚወርድ ያን ጊዜ ያዝ ማድረግ ነው። ዓሣ ሲያምራችሁ ተቆራርጦ የተዘጋጀውን ከመግዛት ሙሉውን ቀረሶ ግዙ። ሥጋውን ጥበሱ፣ ጭንቅላቱና አጥንቱ ለሾርባ ይሆናል። በዐቢይ ጾም ዓሣ የሚበላው ሰው ስለሚበዛ ዋጋው ይወጣል፣ ከጾሙ በፊት ብትጠግቡት ይሻላል።

እንግዲህ መውጣቱ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ቅር አይበላችሁ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለእሱ ነው።

ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ሐይቁ ዳር አለ። ወደ ማታ ፀሐይዋ ስትገባ ሂዱ። ታንኳዎቹን እዩ፣ ያ ከደንገል የሚሠራ ታንኳ ዛሬም ዓሣ ያጠምዱበታል፣ ከዘጌ እንጨት ይጭኑበታል። ከቤት ቆሎ ይዛችሁ ውጡ። ውኃው ዳር ያሉት ትልልቅ መዝናኛዎች ውስጥ የግድ መግባት የለባችሁም፣ ጣና ለውጭ ተቀማጩም ለውስጥ ተቀማጩም አንድ ነው። በወር አንድ ቀን ፈታ ማለት ካማራችሁ ግን ግቡ፣ አንድ ስፕሪስ በሁለት ማንኪያ አዝዛችሁ እስኪመሽ ተቀመጡ። አስተናጋጁ ምን ይለናል አትበሉ። ምንም አይልም።

እሑድ ጠዋት ቤዛዊት ኮረብታ ውጡ፣ ቤተ መንግሥቱ ያለበት ማለቴ ነው። ፀሐይ ሳይከር ከሄዳችሁ ዓባይ ከሥር ሲጠማዘዝ፣ ከተማዋ ከነዘንባባዋ ተዘርግታ ታያላችሁ። ጉማሬም ሊያጋጥማችሁ ይችላል፣ ወንዙ ዳር ግን አትጠጉ፣ ጉማሬ ከሩቅ ነው የሚያምረው።

ገዳማቱ አሉ። ለጀልባ ብዙ ብር ማውጣት ካልቻላችሁ በደብረ ማርያም ጀምሩ፣ ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት ቅርብ ስለሆነ መሻገሪያው አጭር ነው። ዘጌን ለብቻ ጀልባ ኮንትራት ይዛችሁ አትሂዱ። ሕዝብ በሚጫንበት ጀልባ ወይም በመኪና ሂዱ፣ ጠዋት ወጥታችሁ ከሰዓት ተመለሱ። ሰው፣ ጆንያና ዶሮ ጋር ተጋፍቶ መሄዱ ራሱ ጨዋታ አለው። ዘጌ ከጥንት ጀምሮ በበሬ አይታረስም፣ ኑሮው ቡናው፣ ጌሾው፣ ሎሚው ነው። ጫካው ውስጥ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በእግር ስትሄዱ የቡናው ጥላ ፀሐይ አያስነካችሁም። ስትመለሱ ጥሬ ቡና ገዝታችሁ ኑ። ክብራን ገብርኤልን ግን አብራችሁ ለምትወጡበት ቀን አትምረጡት፣ ሴት አይገባበትም፣ አንዳችሁ ጀልባ ላይ ትቀራላችሁ።

ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመስከረም ሂዱ፣ ውኃው ሙሉ ሆኖ ጢሱ የሚያረጥባችሁ ያን ጊዜ ነው። በበጋ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚጠለፍ ፏፏቴው ይሳሳል። ከከተማ የሚያስወጣ ጉዞ ሁሉ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም መናኸሪያ ላይ ጠይቁ። ማታም ባጃጅ በጊዜ የሚቆምበት ወቅት ከሆነ ሰዓታችሁን አስልታችሁ ግቡ።

ቤት ውስጥስ? ቅዳሜ ከሰዓት ያን የዘጌ ቡና ቁሉ። ካፌ ገብቶ ለሁለት ማኪያቶ የሚከፈለው ብር ጎረቤት ተጠርቶ ሦስቱንም ስኒ፣ አቦል ቶና በረካ፣ ያጠጣል። ሙሽራው፣ አንተም አፍላ፣ ሁሉን ነገር እሷ ላይ አትጣል። የደከማት ሚስት መዝናኛ ብትወስዳትም አትዝናናም።

ጓደኞቻችሁ አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ የጫጉላ ሽርሽር ሄደው የለጠፉትን ፎቶ አይታችሁ ልባችሁ አይሰበር። እናንተ ያላችሁበት ከተማ ሌላው ሰው ብር አጠራቅሞ የሚመጣበት ነው። ሰው ከሩቅ አገር አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚያየውን ሐይቅ እናንተ ከሥራ መልስ በሸበጥ ትደርሱበታላችሁ። ይህን ዕድል በትልቅ ቴሌቪዥን አትለውጡት።

ብዙዎቻችሁ ልጅ በቅርቡ እንደምትወልዱ አውቃለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። እርግዝናው እንደታወቀ “ለሁለታችን” ካላችሁት መስመር ሥር ሌላ መስመር ክፈቱና ለወሊዱ በየወሩ ማስቀመጥ ጀምሩ። የመጀመሪያዋን ግን አትሰርዟት፣ ብታሳንሷት እንኳ ትቆይ። ዘጌን ደግሞ ከዚያ በፊት ጨርሱት። ሆድ ከገፋ በኋላ ጀልባ ላይ መውጣትና መውረዱ ይከብዳል፣ ከአራስ ልጅ ጋር ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።