መልስ፦ የሟች ወታደር ጡረታና የምክር ቤት ተመራጫችን

ሰላም ወንድሜ። «ጡረተኛው ወታደር አባቴ ካረፈ በኋላ ለእናቴ የተተኪ ጡረታ አልተወሰነላትም፤ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያለው የቢቸና ተመራጫችን ያስወስንልኛል?» ላልከው፣ አያስወስንም። ተመራጩ ሕግ ያወጣል፣ አስፈጻሚውን ይቆጣጠራል እንጂ የጡረታ መዝገብ አይፈርድም። «ደውዬ አስጨርስልሃለሁ» ካለህ አትመነው።

መጀመሪያ ማመልከቻው ለምን እንደቆመ የጡረታ መሥሪያ ቤቱን በጽሑፍ ጠይቅ። እኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚያሰናክለው ስም ነው፤ በመከላከያው ማኅደር አንድ፣ በቀበሌ መታወቂያ ሌላ። ሁለተኛው የጋብቻ ማስረጃ ነው። የድሮ ሰው በሰማንያ ተጋብቶ ወረቀቱ የት እንደገባ አይታወቅም። ለሁለቱም መፍትሔው የወረዳ ፍርድ ቤት ነው፤ ምስክር ይዛችሁ ሂዱ። የጡረታ ውሳኔው ቅር ካሰኛችሁ መንገዱ የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ነው፤ ቀነ ገደብ ስላለው ውሳኔው የደረሳችሁን ቀን መዝግቡ።

የአስተዳደር በደል ከሆነ፣ ማለትም ፋይል ጠፋ ወይም መልስ ተነፈገ ከሆነ፣ እንባ ጠባቂ ተቋም ያለ ክፍያ ያያል። ተጠሪነቱም ለምክር ቤቱ ነው።

ተመራጩ የሚጠቅመው ችግሩ የብዙ ቤተሰብ ሲሆን ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለሥልጣናትን ጠርቶ ይጠይቃል፤ መከላከያን የሚከታተል ቋሚ ኮሚቴም አለው። ስለዚህ አቤቱታውን በአንድ ገጽ፣ ከማስረጃ ኮፒና ከፊርማ ጋር ስጡት፤ በቃል የተነገረው በዚያው ይቀራል። የምክር ቤቱ ጉባኤ ሰኔ 30 ተዘግቶ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ይከፈታል፣ ስለዚህ ተመራጩን ክረምት ላይ በአካባቢያችሁ ፈልጉት፤ ያኔ አዲስ አበባ ድረስ መንከራተት ላያስፈልግ ይችላል።