ጠጠሩ ሲነሳ ድምሩም አብሮ ሲጠፋ

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። መደመርን በጠጠርና በቆርኪ እያስተማርኋት ነው። አራት ጠጠርና ሦስት ጠጠር ስሰጣት ቀላቅላ ከአንድ ጀምራ ትቆጥርና ሰባት ትላለች፤ አትሳሳትም። ጠጠሩን አንስቼ 4 + 3 ብዬ ስጽፍላት ግን ዓይን ዓይኔን ታያለች እንጂ መልስ የላትም። ጠጠሩን ከልክያት ድምሩን በቃሏ እንድትይዝ ላድርግ ወይስ በያዝኩት ልቀጥል?

መልስ፦ ጠጠሩን አይከልክሏት፤ አጠቃቀሙን ግን ይለውጡ። እኛ አዋቂዎች መደመርን አስቀድመን ስለምናውቅ ሐሳቡ በጠጠሮቹ ውስጥ ወለል ብሎ ይታየናል፤ ልጅ ግን ከጠጠር በቀር ሌላ ነገር ላታይ ትችላለች። ስለዚህ ከጠጠሩ ወደ ቁጥሩ የሚያሻግራትን መንገድ ማበጀት የእርስዎ ድርሻ ነው።

ልጅዎ እስካሁን የያዘችው ነገር ቀላል አይደለም። ጌልማንና ጋሊስቴል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ሥራ እንዳስረዱት፣ በትክክል መቁጠር የቁጥሮችን ስም በቅደም ተከተል ከመጥራት ባሻገር ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ስም ብቻ መስጠትንና በመጨረሻ የተጠራው ቁጥር የሁሉም ብዛት መሆኑን መረዳትን ይጠይቃል። የቀራት ቀጣዩ ደረጃ ነው፤ አራቱን የታወቀ ብዛት አድርጋ በመያዝ ከአራት ወደ ፊት መቁጠር። አብዛኞቹ ሕፃናት ሁሉንም ከአንድ ጀምረው የሚቆጥሩበትን ጊዜ ያልፋሉ፤ ጠጠሩ ሁልጊዜ ተዘርግቶ ከታያቸው ግን ከዚያ የሚወጡበት ምክንያት አያገኙም። ሁሉም ነገር ፊት ለፊት እያለ እንደገና ቢቆጥሩት ምን ይጎድልባቸዋል?

ስለዚህ የመጀመሪያውን ክፍል ይሸፍኑት። አራት ቆርኪ አስቆጥረው በወፍራም ወረቀት ይክደኑትና በወረቀቱ ላይ በጉልህ 4 ብለው ይጻፉ። «ከሥሩ ስንት አለ?» ብለው ይጠይቋት። ከዚያ ሦስት ቆርኪ ከወረቀቱ አጠገብ ደርድረው «ሁሉም በአንድ ላይ ስንት ነው?» ይበሏት። መጀመሪያ ላይ ወረቀቱን ገልጣ ማየት ትፈልግ ይሆናል፤ ትግለጥ፣ አይቆጧት። ከጥቂት ሙከራ በኋላ የተሸፈኑትን ቆርኪዎች በዓይነ ሕሊናዋ እያየች ወረቀቱን አራት ጊዜ በጣቷ መታ መታ ልታደርግ ትችላለች፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። በመጨረሻም እጇን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ «አራት» ካለች በኋላ ወደ ውጭዎቹ ተሻግራ «አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት» ትላለች። ያን ጊዜ በወረቀቱ ላይ ያለው አሃዝ ከሥሩ ያለውን ብዛት መወከል ጀምሯል ማለት ነው፤ ቆርኪዎቹን ከሥሩ ቢያወጧቸውም ብዙም አትቸገርም።

በዚህ ደረጃ ላይ መልሷ ስድስት ከሆነ አይደንግጡ። ይህ የተለመደ ስሕተት ሲሆን፣ የሚመጣውም ከወረቀቱ ውጭ ያለውን የመጀመሪያ ቆርኪ ስትነካ «አራት» ብላ ስለምትጀምር ነው። እጇን ይዘው ወረቀቱ ላይ «አራት» ያሰኟት፤ ቀጥሎ እጇ ወደ ቆርኪው ሲሄድ «አምስት» ትበል። መልሱን ከመንገር ይልቅ ይህን የእጅ እንቅስቃሴ ማስተካከሉ እጅግ ይበልጣል። ሲለምድላት 2 + 6 ይስጧትና ትልቁን ቁጥር ሸፍና ከስድስት ብትጀምር ሥራው እንደሚቀልላት ራሷ እንድትደርስበት ጊዜ ይስጧት።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጀሮም ብሩነር እ.ኤ.አ. በ1966 ሰው አንድን ሐሳብ በድርጊት፣ በምስልና በምልክት እንደሚወክል ጽፎ ነበር። ከጠጠሩ በቀጥታ ወደ 4 + 3 ሲያልፉ ምስሉ ተዘሎ ይሆናል። በጠጠር የሠራችውን በክብ ነጠብጣብ ትሳለው፣ ከሥሩም አሃዙን ትጻፍ፤ ሦስቱም በአንድ ገጽ ላይ አብረው ይታዩ።

ስለ ዕቃው ዓይነት ብዙ አይጨነቁ፤ ተመሳሳይና ተራ ቢሆን ይመረጣል። ጁዲ ዲሎች የተባሉ ተመራማሪ በትንንሽ ሞዴሎች ባደረጉት ጥናት፣ ልጆች አንድን ዕቃ እንደ መጫወቻ በያዙት ቁጥር የሌላ ነገር ምልክት አድርገው ማየት ይበልጥ እንደሚቸግራቸው አሳይተዋል። ስለዚህ ያሸበረቁ የእንስሳት ቅርጾች ለጨዋታ ይቆዩ። ከዚህ ሁሉ እኛ የምንወደው ቤልጂየማዊው መምህር ዦርዥ ኩዊዝኔር ያዘጋጀውን ባለቀለም ዘንግ ነው፤ ከ1 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ሲሆን ላዩ ላይ የክፍፍል መስመር የለውም። ባለ 4 እና ባለ 3 ዘንግ ጫፍ ለጫፍ ተገጥመው ከባለ 7 ጎን ሲቀመጡ እኩል መሆናቸውን ልጅ አንድ በአንድ ሳትቆጥር ታያለች። በካርቶን ቆርጦ መሥራትም ይቻላል። ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ቤት ውስጥ ካለ ግን ጠጠርና ቆርኪ ወደ አፉ እንዳይገባ ከትምህርቱ በኋላ ወዲያውኑ ይሰብሰብ።

ጥያቄ፦ የመዋዕለ ሕፃናት መምህር ነኝ። ልጆች በጣታቸው እንዳይቆጥሩ መከልከል ይገባኛል?

መልስ፦ አይገባዎትም። ከለከሏቸው ማለት ከጠረጴዛ ሥር ይቆጥራሉ ማለት ነው፤ እርስዎም ልጆቹ ሲያስቡ የማየት ዕድሉን ያጣሉ። ጣት ሁልጊዜ አብሯቸው ያለ መርጃ መሣሪያ ከመሆኑም በላይ በአምስት በአምስት የተከፈለ ነው። ይህን ይጠቀሙበት፤ «ሰባት አሳዩኝ» ሲሏቸው አንድ በአንድ ከማንሳት ይልቅ አንድ ሙሉ እጅና ሁለት ጣት በአንድ ጊዜ እንዲያነሱ ያለማምዷቸው። ከዚያ «አስር ለመሙላት ስንት ቀረ?» ብለው ይጠይቁ፤ የታጠፉት ሦስት ጣቶች መልሱን ይነግሯቸዋል። በኋላ 8 + 5 ሲመጣ ከአምስቱ ሁለቱን ወስደው አስር ሞልተው ሦስቱን የሚጨምሩት በዚህ ልምድ ነው። ድምሮቹ በአእምሯቸው ሲሰርጹ ጣት መቁጠሩን ራሳቸው ይተዉታል።