ከውሃው በላይ ያለችው ቅጠል

ልጆቼ፣

ጎጃም ውስጥ 34 ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም «ጋሼ፣ ምን ብማር ይሻለኛል?» የሚሉኝ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ዛሬ ስለ አንዲት እንቁራሪት ልንገራችሁ።

ባለ ቀይ ዓይኗ የዛፍ እንቁራሪት ትባላለች። ዓይኗ ፍም ይመስላል። አገሯ ሩቅ ነው፤ ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ ኮሎምቢያ ባለው ሞቃታማ የዝናብ ደን ነው የምትኖረው። ቀን ቀን ዓይኗን ጨፍና፣ እግሯን ሰብስባ ቅጠል ላይ ተለጥፋ ትተኛለች። እንቁላሏን ውሃ ውስጥ አትጥልም። ከኩሬ በላይ በተንጠለጠለ ቅጠል ላይ ትለጥፈዋለች። በሳምንት ገደማ ጩጬዎቹ ይፈለፈሉና ጠብ ጠብ እያሉ ኩሬው ውስጥ ይወድቃሉ።

እባብ ቢመጣስ? እባቡ እንቁላሉን መንጨት ሲጀምር ንዝረቱ ይሰማቸዋል። ቀናቸው ሳይደርስ ቀደው ይወጡና ውሃው ውስጥ ይገባሉ። ዝናብም ቅጠሉን ያናውጠዋል፤ ለዝናብ ግን አይወጡም። ገና እንቁላል ውስጥ ሆነው ይለያሉ! ካረን ዋርከንቲን የምትባል ተመራማሪ ስለዚህ ያጠናችውን በ1995 እ.ኤ.አ. አሳተመች። ከዚያም በኋላ ስንት ዓመት ከዚያችው እንቁራሪት አልተለየችም። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ቢኖራችሁ ደስ ይለኛል።

ቅጠሏ ከተቆረጠች ግን ኩሬው ቢኖርም ዋጋ የለውም።

ይህን እያወቅሁ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። ከቤታችን በታች ያለችውን ምንጭ ዙሪያዋን መንጥሬ ባሕር ዛፍ ተከልሁባት። ገንዘብ አገኘሁ፤ አልዋሽም። ምንጯ ግን እያደር ቀጠነች። አንድ ክረምት እናቴ፣ «ልጄ፣ ዘንድሮ ሌሊቱ ዝም አለ እኮ» አለችኝ። እንቁራሪቶቹ ጠፍተው ነበር። የባዮሎጂ መምህሩ እኔ አላስተዋልሁም፤ ያስተዋለችው ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ ናት።

ቀይ ዓይኗ እኛ ጋ የለችም። የእኛዎቹ ግን በየምንጩ፣ በየጨፌው፣ በዘጌ ደን፣ በየደብሩ ዛፍ ሥር አሉ። ሐምሌ ሲገባ ከራት በኋላ ባትሪ ይዛችሁ ውረዱ። ድምፃቸውን በስልካችሁ ቅዱ፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ። በእጃችሁ አትንኳቸው፤ በቆዳቸው ነው ውሃ የሚጠጡት፣ በቆዳቸውም ይተነፍሳሉ፤ የእጃችን ቅባትና ሳሙና ይጎዳቸዋል። ምንጯ ዳር አሁን ባሕር ዛፉን ነቅዬ ዋንዛ ተክያለሁ። ገና ጉልበቴ ድረስ ነው።