ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ጆንያ በማንሳቴ ይሆን?

ጥያቄ፦ ጅማ ነው የምኖረው፤ ሥራዬ የቡና ንግድ ነው። ባለፈው ዓመት እርግዝናዬ 5 ወር ሲሆነው አልትራሳውንድ ታይቼ የፅንሱ ጀርባ አልተዘጋም፣ ጭንቅላቱም ውሃ ይዟል ተባልኩ። ልጄ ተወልዶ ብዙም አልቆየም። ጎረቤቶቼ በ4 ወሬ የቡና ጆንያ በማንሳቴ ነው ይሉኛል። እውነት ነው? ደግሜ ማርገዝ እፈልጋለሁ፤ ግን ፈርቻለሁ።

መልስ፦ ፈጣሪ ያጽናዎት። ጆንያው ልጅዎን አልጎዳም። ለማጽናናት ብቻ አይደለም እንዲህ የምልዎት፤ ቀኑ ራሱ ይመሰክርልዎታል።

የሴቷ እንቁላልና የወንዱ ዘር በተገናኙ በሳምንቱ ገደማ ፅንሱ ማህፀን ግድግዳ ላይ መጣበቅ ይጀምራል። በ2ኛው ሳምንት ጠፍጣፋና ባለሁለት ንብርብር ነው። በ15ኛው ቀን አካባቢ፣ ልክ የወር አበባ ሲቀር ማለት ነው፣ የላይኛው ንብርብር መሃል ላይ ቀጭን መስመር ይወጣል። ሕዋሳት በዚያ በኩል ወደ ውስጥ እየገቡ ሦስት ንብርብር ይሠራሉ። ከታችኛው የአንጀትና የሳንባ ውስጠኛ ሽፋን፣ ጉበትና ቆሽት ይወጣሉ፤ ከመካከለኛው አጥንት፣ ጡንቻ፣ ልብ፣ ደምና ኩላሊት፤ ከላይኛው የቆዳ ውጫዊ ሽፋን፣ አንጎልና ህብለ ሰረሰር። ሦስቱም የተገኙት ከዚያ ከአንዱ የላይኛው ንብርብር መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

የእርስዎ ጉዳይ ያለው ላይኛው ላይ ነው። መሃሉ ይሰረጉድና ጠርዞቹ ተነስተው፣ እንደሚጠቀለል ሰሌን፣ ቱቦ ሆነው ይዘጋሉ። መዘጋቱ ከአንገት አካባቢ ተነስቶ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል፤ የራስ በኩሉ በ25ኛው፣ የታችኛው ጫፍ በ28ኛው ቀን ገደማ ያበቃል። የቱቦው የራስ በኩል ክፍት ከቀረ አንጎልና የራስ ቅል በወጉ አይሠሩም። የታችኛው ጫፍ ክፍት ከቀረ ህብለ ሰረሰሩ ይጋለጣል፤ ጭንቅላት ውስጥ ውሃ የሚጠራቀመውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ሰበብ ነው።

እንግዲህ ያ ጀርባ ሳይዘጋ የቀረው የወር አበባዎ በቀረ በ2 ሳምንት ውስጥ ነው፤ ጆንያውን ያነሱት ወደ 2 ወር ገደማ ቆይተው። አንድ ብቻ ምክንያት ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ የፎሌት (የቫይታሚን ቢ ዓይነት ነው) እጥረት፣ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት፣ ያልተቆጣጠሩት ስኳርና እንደ ቫልፕሮኤት ያለ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ግን ይታወቃሉ።

በጣም የሚያሳስበኝ ፎሊክ አሲድ፣ ማለትም በእንክብል የሚሰጠው ፎሌት፣ የሚጀመርበት ጊዜ ነው። ብዙ እናቶች እንክብሉን የሚያገኙት ለእርግዝና ክትትል ሲሄዱ ነው፤ ያኔ ቱቦው የመዝጊያ ጊዜው አልፏል። እርስዎ ከማርገዝዎ 3 ወር ቀደም ብለው፣ ቢያንስ 1 ወር፣ ይጀምሩና እስከ እርግዝናው 12ኛ ሳምንት ይቀጥሉ። መጠኑም ለእርስዎ ከፍ ይላል፤ በቀን 4 ወይም 5 ሚሊግራም፣ በሐኪም ትእዛዝ። በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመው የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ካውንስል ጥናት እንዳሳየው፣ 4 ሚሊግራም በወሰዱ እናቶች ላይ ችግሩ የመደገም ዕድሉ በ72 በመቶ ቀንሷል። ሳይወስዱ እንኳ አብዛኞቹ ቀጣይ እርግዝናዎች ደህና ናቸው።

አደራ፣ መጠኑን ለመሙላት ብለው የጤና ጣቢያውን የብረትና ፎሊክ አሲድ እንክብል አሥር አሥር አይዋጡ። አንዱ 60 ሚሊግራም ብረት አለው፤ ሲበዛ ይመርዛል። ጎመን፣ ምስር፣ ሽምብራና አቮካዶ ይብሉ፤ እንክብሉን ግን አይተኩም።

የአልትራሳውንድ ወረቀትዎን ይዘው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም የሚቀርብዎ የማህፀንና ፅንስ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። እስከዚያ የእርግዝና መከላከያ የሚወስዱ ከሆነ አያቋርጡ።