የጣና ጀልባ ላይ የተገጠመ ጌትዌይ ያለበትን ቦታ እንዲልክ፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከባሕር ዳር የጀልባ ባለንብረቶችና ቴክኒሻኖች የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሉ ወደ አንድ ጉዳይ ያመራል፦ ሲም ካርድ የገባበት የኢንዱስትሪ ጌትዌይ (በሞባይል ኔትወርክ መረጃ የሚልክ መሣሪያ) ጂፒኤሱ ያገኘውን ቦታ ለቢሮ እንዲልክ ማድረግ። የተደጋገሙትን እዚህ ሰብስቤ እመልሳለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ይህን ያዙልኝ፤ ቦታን ማግኘት ሌላ፣ ያገኙትን መላክ ሌላ ሥራ ነው። ሁለቱን ለይቶ የሚፈትሽ ሰው ብዙ ድካም ይቀርለታል።

ጥያቄ፦ ዘጌ የሚመላለሰው ጀልባችን ላይ ገጠምነው፤ ሰርቨሩ (መረጃውን የሚቀበለው የቢሮ ኮምፒውተር) ላይ ግን ምንም አይታይም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰርቨሩን ለጊዜው ተወው። ላፕቶፕህን በኬብል ከጌትዌዩ ጋር አገናኝና የጂፒኤስ ገጹን ክፈት። አርኤምሲ (RMC) በሚለው መስመር ላይ፣ ማለትም ጂፒኤሱ ሰዓትን፣ ቦታንና ፍጥነትን በሚጽፍበት መስመር ላይ፣ ከሰዓቱ ቀጥላ አንዲት ፊደል አለች። «ኤ» (A) ከሆነች ቦታው ተገኝቷል፤ «ቪ» (V) ከሆነች ገና አልተገኘም። «ቪ» ካየህ ሲሙንም ሰርቨሩንም አትነካካ፤ ወደ አንቴናው ሂድ። አብዛኛውን ጊዜ አንቴናው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተቀምጦ ነው፤ አለዚያም ለሞባይል ኔትወርኩ በተሠራው ቀዳዳ ተሰክቶ ነው። ቀዳዳዎቹ ስለሚመሳሰሉ አጠገባቸው የተጻፈውን ማንበብ ግድ ነው። የጂፒኤስ አንቴና ውስጡ ማጉያ ያለው ከሆነ ኃይል የሚያገኘው በዚያው ኬብል ነው፤ የተሳሳተ ቀዳዳ ላይ ከተሰካ አይሠራም። ሰማይ በግልጽ የሚታይበት ቦታ ላይ አውጣውና መጀመሪያ ሲበራ ጥቂት ደቂቃ ታገሠው።

ጥያቄ፦ እኔ ጋ ነጥቡ ይመጣል፤ ግን ጀልባዬን መራዊ አካባቢ ያሳየኛል። ጀልባዋ ባሕር ዳር ወደብ ላይ ታስራ ነው ያለችው!

መልስ፦ እህቴ፣ ጂፒኤሱ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው አነባበቡ ነው። ጌትዌዩ 1135.4000 ብሎ ሲልክ 11 ዲግሪ ከ35.4 ደቂቃ ማለቱ ነው። ሰርቨርሽ የአሥርዮሽ ነጥቧን ብቻ አዛውሮ 11.354 ብሎ አንብቦታል። ደቂቃው ለ60 መካፈል አለበት፤ 35.4 ለ60 ሲካፈል 0.59 ስለሆነ ትክክለኛው ኬክሮስ 11.59 ነው። ኬንትሮሱም እንደዚሁ፤ 03723.4000 ማለት 37.39 እንጂ 37.234 አይደለም። በዚህ ብቻ ጀልባሽ ወደ ደቡብ 26፣ ወደ ምዕራብ ደግሞ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ትሸሻለች፤ መራዊ አካባቢ የምትታየው ለዚህ ነው። እዚያው እያለሽ ፍጥነቱንም አስተካክዪው። በአርኤምሲ የሚመጣው በኖት ነው፤ ወደ ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመቀየር በ1.852 ይባዛል።

ጥያቄ፦ ሰዓቱስ ለምን አይገጥምም?

መልስ፦ የሚመጣው የዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ለማንበብ 3 ይደመራል፤ በእኛ አቆጣጠር ለማንበብ 3 ይቀነሳል። 06:00 ከሆነ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ሰርቨሩ ላይ ግን እንዳለ ይቀመጥ፤ የሚቀየረው ለእይታ ሲቀርብ ብቻ ይሁን።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ወደ ጎርጎራ ስንሄድ መሃል ሐይቅ ላይ ኔትወርክ ቢጠፋ ጂፒኤሱም አብሮ ይጠፋል?

መልስ፦ አይጠፋም ጋሼ። ጂፒኤሱ ምልክት የሚቀበለው ከሳተላይት ስለሆነ የሞባይል ኔትወርክ አያስፈልገውም። የሚቋረጠው መላኩ ነው። ስለዚህ ጌትዌይዎ ያልተላከውን አጠራቅሞ ኔትወርክ ሲመለስ የሚልክበት አማራጭ ካለው ያስበሩት። በተለይ ዩዲፒ (UDP) በሚባለው የመላኪያ ዘዴ የሚልክ ከሆነ ይህ በጣም ያስፈልጋል፤ ዩዲፒ መልእክቱ ይድረስ አይድረስ አያረጋግጥም። ነፋስ ተነሥቶ ጀልባ ሲዘገይ ቢሮ ያለው ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት የነጥቡን ሰዓት ነው። ካርታው ላይ ያለው ነጥብ የቆየ ከሆነ ጀልባዋ አሁን ያለችበትን አይናገርም፤ ፍለጋ የሚወጡ ሰዎች ይህን ሳያውቁ እንዳይወጡ አደራ።

ጥያቄ፦ ስንት ዳታ ይበላል?

መልስ፦ ትንሽ። አንድ መስመር ከነማሸጊያው (አብሮት ከሚላከው የአድራሻ መረጃ ጋር) 100 ባይት ገደማ ነው። በየ30 ሰከንዱ በዩዲፒ ቢላክ በቀን 0.3፣ በወር 9 ሜጋባይት ግድም ይሆናል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጀልባ በ30 ሰከንድ የሚጓዘው 125 ሜትር ስለሆነ ለሐይቁ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሰርቨሩ ራሱ ጌትዌዩን እየጠራ ቦታውን ቢጠይቀውስ?

መልስ፦ በተለመደው ሲም አብዛኛውን ጊዜ አይሆንም፤ ጌትዌዩ ከውጭ የሚደረስበት የራሱ አድራሻ አይኖረውም። የሚልከው ጌትዌዩ፣ የሚቀበለው ሰርቨሩ ይሁን።

ጥያቄ፦ ከአምስት ጀልባ ወደ አንድ ፖርት (የሰርቨሩ መቀበያ ቁጥር) ብንልክ ይደባለቃል?

መልስ፦ መለያ ካልሰጣችኋቸው አዎ፤ የአርኤምሲ መስመር የማን እንደሆነ አይናገርም። የጌትዌዩ ቅንብር ውስጥ ከመስመሩ በፊት የመሣሪያ መለያ ጨምር የሚል ቦታ ይኖራል፤ ለእያንዳንዱ የተለየ መለያ ስጡ። አንዱ ጌትዌይ ተነቅሎ ሌላ ጀልባ ላይ ሲገጠም መለያውን በዚያው ዕለት ቀይሩ።