ሞተር ይነሳል፤ ታዲያ እንዴት ይጠፋል?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ጀልባ ላይ ነው የምሠራው። ጠዋት ወደ ዘጌ ስንወጣ «ሞተሩን አስነሳው» እንባባላለን። ስንደርስ ደግሞ «አጥፋው»። የተነሳ ነገር ይቀመጣል ወይ ይተኛል እንጂ እንዴት ይጠፋል? ከሁለቱ የተሳሳትነው የቱን ነው?

መልስ፦ የተሳሳቱት ነገር የለም። ሁለቱ ግሶች ከተለያየ ቤት መጥተው ሞተሩ ላይ ተገናኙ እንጂ።

«አጥፋ» የመጣው ከእሳት ቤት ነው። ጀልባዎ የቤንዚን ከሆነ፣ ቤንዚንና አየር ተደባልቀው ሲሊንደር ውስጥ ይገባሉ። ፒስተኑ ይጨምቃቸዋል። ካንዴላው ብልጭ ሲል ይቀጣጠላሉ። ሞተሩን ሲያጠፉ የሚቋረጠው ያ ብልጭታ ነው። ካንዴላ ደግሞ በጣልያንኛ ሻማ ማለት ነው፤ እና ሻማ ቢጠፋ ምን ይገርማል? የናፍታ ሞተር ብልጭታም አያስፈልገው። አየሩ በጭመቃው ብቻ ስለሚግል ናፍታው ሲረጭበት ራሱ ይነድዳል። እሱን ለማጥፋት ናፍታውን መከልከል ነው። ያው እሳት ነው፤ ማገዶ ሲያጣ ይጠፋል።

«ነዳጅ» የሚለው ቃል ራሱ ይመሰክራል። ወለደ ብለን ወላጅ፣ ወሰደ ብለን ወሳጅ እንደምንለው፣ ነደደ ብለን ነዳጅ አልን። የሚነድ ማለት ነው። ኩበትም ይነድዳል፤ ግን ኩበት ተሸክሞ «ነዳጅ ይዤአለሁ» የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

«ተነሳ» ግን የእሳት አይደለም፤ የሰውና የመንገድ ነው። ሰው ከእንቅልፉ ይነሳል፣ አውቶቡስ ከመናኸሪያ ይነሳል። ሞተርም ገመዱ ተስቦ ይቀሰቀሳል። እንደ ሰው ያኮርፋል፤ «ዛሬስ አልነሳም አለ» እንላለን። ይበላልም፤ ነዳጅ የሚበላ መኪና ያለው ሰው ያውቀዋል።

ደግሞ «ጠፋ» አንድ ተቃራኒ ብቻ ያለው እንዳይመስልዎ። እሳት ጠፋ፣ ነደደ። ዕቃ ጠፋ፣ ተገኘ። ሰፈር ውስጥ መብራት ሲጠፋ ግን ተመልሶ «ነደደ»ም «ተገኘ»ም አንልም። «መጣ!» ነው፤ ልጆቹ ከየቤቱ ሲጮኹ ይሰማል። መብራት እንግዳ ነው መሰል። ስለዚህ ሞተር ጠፍቶ ቢነሳ እንደ ደንቡ ነው።

የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ሞተር ሳይክሉንም «ሞተር» ማለት ለምደናል። ባለፈው አንድ ዘመዴ ደውሎ «ሞተሬ ጠፋብኝ» አለኝ። ደነገጥሁ።

«የት አቁመኸው ነበር? ለፖሊስ አመለከትህ?»

«ኧረ ላዩ ላይ ነኝ» አለ። «ዓባይ ድልድይ ላይ። ቤንዚን ይዘህልኝ ና።»